ናይትሮጅን የገባበት ሸክላ

የሬዲዮ ዘጋቢ ዝግጅት

[ድምፅ፦ ከሩቅ የሚቀርብ ጉርምርምታ፤ ከባድ ነገር መሬት ሲመታ፤ ጸጥታ]

ተራኪ፦ ዓመቱ 1926 ነው። ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር፣ በሲንድ ምድር፣ ጃጅ ዴህ ኮት ላሉ በሚባል ስፍራ ከሰማይ ድንጋይ ወደቀ። ዓመታት አለፉ። በ1964 ተመራማሪዎች ከዚያ ድንጋይ የተቆረጠ ስስ ቅንጣት በኤሌክትሮን ጨረር ሲመረምሩ በምድር ላይ አይተውት የማያውቁት ማዕድን አገኙ። በውስጡ ሦስት ንጥረ ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ ሲሊከን፣ ናይትሮጅን እና ኦክስጅን። የሦስቱን ምልክቶች ገጣጥመው ስም አወጡለት። ሲኖዋይት አሉት።

አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የምንናገረው ስለዚህ ድንጋይ ዘመዶች ነው። ኦክስጅንና ናይትሮጅን በአንድ ጠጣር ነገር ውስጥ አብረው የሚኖሩባቸው፣ ኦክሲናይትራይድ ሴራሚክ ስለሚባሉ ቁሶች። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

[ሙዚቃ ለአጭር ጊዜ ይሰማል፤ ይደበዝዛል]

ተራኪ፦ መጀመሪያ አንድ እንቆቅልሽ እንፍታ። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን 21 በመቶ ብቻ ነው። ከእግራችን ሥር ያለውን ብናይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሸዋው፣ አፈሩ፣ ጥቁር ድንጋዩ፣ ሁሉም በኦክስጅን የተሞላ ነው። ናይትሮጅን በድንጋይ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ይህን ያህል የበዛ ነገር እንዴት ወደ ድንጋይ ሳይገባ ቀረ?

መልሱ ናይትሮጅን በአየር ውስጥ ብቻውን ስለማይኖር ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ፣ በሦስት ማሰሪያ እርስ በርሱ ተጠፍሮ ይኖራል። ያን ማሰሪያ መፍታት ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ኦክስጅን ግን ቀዳሚ ነው፤ ብረት ቢያገኝ ዝገት ያደርገዋል፣ ሲሊከን ቢያገኝ አሸዋ ያደርገዋል። ሁለቱ እኩል ለፉክክር ቢቀርቡ በምድራችን ላይ ሁሌም የሚያሸንፈው ኦክስጅን ነው። ሲኖዋይት የተገኘው ኦክስጅን እጅግ በጎደለበት ሁኔታ ከተፈጠረ የጠፈር ድንጋይ ውስጥ መሆኑም ለዚህ ነው። ሰው ተመሳሳዩን ለመሥራት ሲነሣ የመጀመሪያው ሥራው ኦክስጅንን ከምድጃው ማስወጣት ነው። ሁሉንም ግን አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

[ድምፅ፦ ጭቃ በእጅ ሲታሽ]

ተራኪ፦ ይህ ድምፅ ጭቃ ሲታሽ ነው። ምጣዱም፣ ጀበናውም፣ ጋኑም ከዚህ ነው የሚወጣው። የሸክላ አፈር ውስጡ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። ሦስት ጉልቻ ጎልቱ። አራተኛ ድንጋይ አምጡና በሦስቱ መሃል፣ ከላያቸው አሳርፉት። በአራቱ መካከል ጠባብ ክፍተት ትቀራለች። አራቱ ድንጋዮች የኦክስጅን አቶሞች ናቸው እንበል። በክፍተቷ ውስጥ የተሸጎጠችው ትንሽ ፍሬ ሲሊከን ናት። አሸዋም፣ ጥቁር ድንጋይም፣ የሸክላ አፈርም የሚገነቡት ይህችን ባለ አራት ጉልቻ ጎጆ በሺህ በሚሊዮን በመደጋገም ነው። በብዙ ማዕድናት ውስጥ አልፎ አልፎ አሉሚኒየም የሲሊከንን ቦታ ይይዛል።

አሁን እያንዳንዱ ኦክስጅን ሁለት እጅ አለው ብላችሁ አስቡ። በአንዱ እጁ አንዱን ጎጆ፣ በሌላው ጎረቤቱን ይይዛል። ናይትሮጅን ግን ሦስት እጅ አለው። በኦክስጅን ቦታ ናይትሮጅን ከገባ አንድ ጉልቻ ሦስት ጎጆዎችን በአንዴ ያስተሳስራል። ግንባታው ይጠብቃል፤ ይጠነክራል፤ በእሳትም ቶሎ አይላላም። ተራ መስታወት ውስጥ እንኳ ጥቂት ናይትሮጅን ሲገባ ጥንካሬውም ሆነ የሚለሰልስበት የሙቀት መጠን ከፍ ይላል። ስለ እነዚህ ቁሶች ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ ወደዚህች ሦስተኛ እጅ የሚመለስ ነው።

ጉልቻዎቹ በሙሉ ናይትሮጅን ቢሆኑስ? ያ ቁስ ሲሊከን ናይትራይድ ይባላል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መሐንዲሶች ልባቸውን የጣሉበት ነበር። ክብደቱ ከብረት ግማሽ በታች ነው። በጋለ ጊዜ ጥንካሬውን አይጥልም። ሲሞቅ እምብዛም ስለማይለጠጥ ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜ አይሰነጥቀውም። ችግሩ ለመሥራት እጅ አለመስጠቱ ነው። የሸክላ ሥራ ምስጢሩ በእሳት ውስጥ የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ መጣበቃቸው ነው። የሲሊከን ናይትራይድ ዱቄት ግን አቶሞቹ እጅግ አጥብቀው ስለተያያዙ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። ሙቀቱን ወደ 1,900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገፋ ብታደርጉት መጣበቁን ትቶ ይፈርሳል፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይሄድና ሲሊከን ብቻ ይቀራል።

መላ ተገኘለት። ጥቂት ማግኒዥየም ኦክሳይድ ወይም ይትሪየም ኦክሳይድ ሲጨመርበት በእያንዳንዷ ቅንጣት ላይ ካለው ስስ የኦክስጅን ቆዳ ጋር ተዋህዶ ቀልጦ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ቅንጣቶቹን እንደ ምርጊት ያያይዛቸዋል። ሲቀዘቅዝ ግን ያ ፈሳሽ በቅንጣቶቹ መካከል መስታወት ሆኖ ይቀራል። መስታወት ደግሞ ወደ 1,000 ዲግሪ ሲቀርብ ይለሰልሳል። ለታላቅ ሙቀት የታሰበ ቁስ፣ ልክ ታላቁ ሙቀት ሲመጣ ማያያዣው ይከዳዋል። እናም በዚያ ዘመን ኦክስጅን እንደ ቆሻሻ፣ ናይትራይዱን እንደሚያበላሽ ጉድፍ ይታይ ነበር።

[ሙዚቃ]

ተራኪ፦ ሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ኬኔዝ ጃክ የሚባል ፕሮፌሰር ነበር። ሥራው በኤክስሬይ የክሪስታሎችን ውስጣዊ አሠራር ማንበብ ነበር። በወጣትነቱ የብረትና የናይትሮጅንን ውሁዶች አጥንቷል። ስለዚህ ናይትሮጅን በጠጣር ነገር ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን ከማንም በተሻለ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። ጃክ ሲሊከን ናይትራይድን ሲያይ ያየው ሌሎች ያዩትን አልነበረም። እሱ ያየው ሸክላ ነው። ያው ባለ አራት ጉልቻ ጎጆ። ታዲያ በተፈጥሮ ማዕድናት ውስጥ አሉሚኒየም የሲሊከንን ቦታ የሚይዝ ከሆነ እዚህስ ለምን አይይዝም?

ሒሳቡን እንየው፤ ከባድ አይደለም። ሲሊከን ወደ ጎጆው አራት የኤሌክትሪክ ሙል ይዞ ይመጣል። አሉሚኒየም ሦስት ብቻ። በሲሊከን ቦታ አሉሚኒየም ሲገባ አንድ ይጎድላል። በሌላ በኩል ናይትሮጅን ሦስት ይጠይቃል፤ ኦክስጅን ሁለት። በናይትሮጅን ቦታ ኦክስጅን ሲገባ የሚጠየቀው በአንድ ይቀንሳል። ሁለቱ ልውውጦች አብረው ሲደረጉ ሒሳቡ ይዘጋል። ቦታውስ ይበቃል? በሲሊከንና በናይትሮጅን መካከል ያለው ርቀት 1.74 አንግስትሮም ነው። በአሉሚኒየምና በኦክስጅን መካከል ያለው 1.75። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ልዩነታቸው የዚያ መቶኛ ነው። ክሪስታሉ እንግዳ መግባቱን አያውቅም ብንል ማጋነን አይሆንም። በእርግጥም ከስድስት የሲሊከን ቦታዎች እስከ አራቱ በአሉሚኒየም ሊተኩ እንደሚችሉ ተረጋገጠ።

ጃክና ባልደረባው ዊልሰን ይህን በ1972 አሳተሙ። ከእነሱ ጋር ምንም ሳይነጋገሩ፣ በጃፓን የቶዮታ ማዕከላዊ ምርምር ተቋም ኦያማና ካሚጋይቶ ያንኑ ነገር አግኝተው በ1971 አሳትመው ነበር። ከዓለም ሁለት ጫፍ ሁለት ቡድን በአንድ ዓመት ልዩነት አንድ በር አንኳኳ። ቁሱ ስሙን ያገኘው ከአራቱ ንጥረ ነገሮች ምልክት ነው። ሲሊከን፣ አሉሚኒየም፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን። ሳያሎን።

ለእኔ የዚህ ግኝት ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻ የተባለው ኦክስጅን የክሪስታሉ አካል ሊሆን ቻለ። ያ ምርጊት የነበረው ፈሳሽ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ትልቁ ክፍል ወደ ክሪስታሎቹ ውስጥ ይሰርጋል። በመካከል የሚቀረው መስታወት ጥቂት ነው። ጉድፉን ለማጠብ ከመታገል ይልቅ ቤት ሰጡት።

[ድምፅ፦ የወፍጮ በርሜል ሲሽከረከር፤ ትናንሽ ኳሶች ሲንኮሻኮሹ]

ተራኪ፦ አሁን የምትሰሙት ዱቄት ሲፈጭ ነው። ሲሊከን ናይትራይድ፣ አልሙና የሚባለው አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ አሉሚኒየም ናይትራይድና ጥቂት ይትሪየም ኦክሳይድ በአንድ በርሜል ውስጥ ከጠንካራ ኳሶች ጋር ለሰዓታት ይሽከረከራሉ። አብሯቸው የሚጨመረው ፈሳሽ ውሃ አይደለም፤ አልኮል ነው። አሉሚኒየም ናይትራይድ ውሃ ከነካው ይበሰብሳል፤ የአሞኒያ ሽታውም ያንን ያሳብቃል። ዱቄቱ ከደረቀ በኋላ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጨመቃል። በዚህ ደረጃ በእጅ ስትይዙት ጠመኔ ነው። በጥፍር ይጫራል። ከወደቀ ይፈረካከሳል።

ከዚያ ወደ ምድጃ። የምድጃው ውስጥ ግራፋይት ነው፤ አየሩ ተስቦ ወጥቶ በምትኩ ናይትሮጅን ይገባል። ሙቀቱ ከ1,700 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የእኛ አገር ሸክላ ሠሪዎች በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ከሚያነዱት እሳት ሙቀቱ በእጥፍ ይበልጣል። ቅርጹ እየተኮማተረ ይሄዳል፤ ርዝመቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚያወጣው ቅርጽ ከሚፈልገው የተለቀ መሆን አለበት። ሲወጣ ግራጫ ነው። ሲያንኳኩት ይጮኻል። አሁን በጥፍር ቀርቶ በሞረድም አይጫርም፤ የሚሞርደው አልማዝ ነው።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቁርጥራጩ በረጃጅም ዘንጎች የተሞላ ነው፤ ዘንጎቹ እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። ለጭቃ ቤት ምርጊት የጤፍ ጭድ ለምን እንደሚቀላቀል የሚያውቅ ሰው የዘንጎቹን ጥቅም አይስተውም። ስንጥቅ ሲጀምር ጭዱ ያግተዋል። እዚህም እንዲሁ ነው፤ ስንጥቁ በዘንጎቹ ዙሪያ መዞር ስላለበት ኃይሉ ያልቃል። ልዩነቱ እዚህ ጭዱን ከውጭ የሚያመጣው የለም፤ ክሪስታሉ ራሱ በእሳቱ ውስጥ ያበቅለዋል።

[ሙዚቃ፤ የጄት ሞተር ድምፅ ከሩቅ]

ተራኪ፦ የሳያሎን ዜና የተሰማው በጥሩ ጊዜ ነበር። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ናረ። ሞተር በጋለ ቁጥር ከነዳጁ ብዙ ሥራ ያወጣል፤ ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው። ብረቱ ግን ይቀልጣል። ስለዚህ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመንና ጃፓን ሁሉም የሴራሚክ ሞተር ሕልም ያዙ። በአሜሪካ የመከላከያው የምርምር ድርጅት ከፎርድና ከዌስቲንግሃውስ ጋር የሴራሚክ ተርባይን ፕሮግራም የጀመረው ገና በ1971 ነው። ማቀዝቀዣ ውሃ የማይፈልግ መኪና ይመጣል ተባለ።

አልመጣም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ስለ አዳዲስ ቁሶች የሚነገረው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ከተስፋው ላይ ይቆማልና። አንደኛው እንቅፋት ተሰባሪነቱ ነው። ብረት ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይጎብጣል፤ ያስጠነቅቃል። ሴራሚክ አያስጠነቅቅም፤ ከጸጉር የቀጠነች ጉድለት በውስጡ ካለች ከዚያች ተነሥቶ በቅጽበት ይፈነዳል። ሁለተኛው እንቅፋት ግን ማንም ያልጠረጠረው ነበር። ሲሊከን ያለበት ሴራሚክ ሲግል በገጹ ላይ ስስ የሲሊካ ቆዳ ያወጣል፤ ያ ቆዳ ከቃጠሎ ይጠብቀዋል። ነዳጅ ሲቃጠል ደግሞ እንፋሎት ይወጣል። በ1990ዎቹ የናሳ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት በተርባይን ውስጥ በታላቅ ግፊት የሚሮጠው የጋለ እንፋሎት ያንን ቆዳ ወደ ጋዝ እየለወጠ ይወስደዋል። ሌላ ቆዳ ይወጣል፤ እሱም ይሄዳል። ሴራሚኩ እንደ ሳሙና ያልቃል። 1,900 ዲግሪ ለመፍረስ የሚያስፈልገው ቁስ በውሃ ተሸነፈ። በ2016 አገልግሎት በጀመረ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሴራሚክ ገብቷል፤ ሆኖም እሱ በሲሊከን ካርባይድ ክር የተጠናከረና መከላከያ ቅብ የተቀባ ሌላ ዘመድ ነው።

ጃፓኖቹ ግን ሕልሙን በልኩ ቆርጠው ተሳካላቸው። ኒሳን በ1985 የሲሊከን ናይትራይድ መዘውር ያለው ተርቦ መኪና ላይ ገጥሞ ለገበያ አቀረበ። ሙሉ ሞተር አይደለም፤ አንድ ትንሽ መዘውር ናት። ቀላል ስለሆነች ቶሎ ትሽከረከራለች።

[ድምፅ፦ ቶርኖ ሲሽከረከር፤ ብረት ሲቆረጥ የሚወጣ ሹል ድምፅ]

ተራኪ፦ ሳያሎን እውነተኛ እንጀራውን ያገኘው እዚህ ነው። ቶርኖ ቤት።

የጄት ሞተር ተርባይን የሚሠራው ኢንኮኔል ከሚባል የኒኬል ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ የተመረጠው ሲግል ስለማይለሰልስ ነው። ለአብራሪው በረከት የሆነው ባሕርይ ለቶርኖ ሠሪው መከራ ነው። መቁረጫው ጥርስ ሲገባበት ብረቱ ይግላል፤ አይለሰልስም። የሚለሰልሰው ጥርሱ ነው። በተለመደው የካርባይድ ጥርስ የሚቆረጠው በደቂቃ ከ30 እስከ 50 ሜትር ነው፤ ከዚያ ከፈጠነ ጥርሱ ይነዳል። የሳያሎን ጥርስ ግን 200 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። እንዲያውም ቀስ ቢል አይወድም። ከፊቱ ያለው ብረት በፍጥነቱ ግለት ለስልሶ እንዲመጣለት ይፈልጋል። በሥራ ላይ ቢታይ ከጥርሱ ጫፍ የሚነሣው ፍቅፋቂ ቀይ ፍም ሆኖ ነው የሚወጣው። ጥርሱ ራሱ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው።

ሁሉን ይቆርጣል ማለት አይደለም። ለተራ ብረት፣ ማለትም ለአረብ ብረት አይሆንም፤ በግለቱ ውስጥ ብረቱ ከሳያሎን ጋር በኬሚስትሪ ይበላላል፤ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። ጓደኝነቱ ከኒኬል ቅይጥና ከካስት አይረን ጋር ነው። በእንግሊዝ ሉካስ የተባለው የተሽከርካሪ ዕቃ አምራች ከጃክ ቡድን ጋር ሲሠራ ቆይቶ ነው ይህን መቁረጫ ለኢንዱስትሪ ያበቃው።

ሌላው ቤቱ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ነው። አሮጌ አሉሚኒየም አቅልጦ ድስት የሚያወጣ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ የቀለጠ አሉሚኒየም ብረት ይበላል። ጭልፋው ቀን በቀን ይሳሳል፤ የተበላው ብረት ደግሞ አሉሚኒየሙን ያበላሻል። በፋብሪካ ውስጥ ሙቀቱን የሚለካው ሽቦ በ700 ዲግሪ ባሕር ውስጥ ተነክሮ መዋል አለበት። ያንን ሽቦ የሚያቅፈው ቱቦ ዛሬ ብዙ ጊዜ ሳያሎን ነው። ቱቦው ከፈሳሹ ሲወጣ አሉሚኒየሙ እንደ ውሃ ከቅባት ላይ ይንሸራተታል፤ አይጣበቅበትም። ከቀዝቃዛ አየር ወደ ቀለጠ አሉሚኒየም ድንገት ሲገባ አይሰነጠቅም። አልሙና የሚባለው የተለመደ ነጭ ሴራሚክ የ200 ዲግሪ ድንገተኛ ለውጥ ይሰነጥቀዋል፤ ሳያሎን ብዙ መቶ ዲግሪ ይችላል። በመኪና ፋብሪካ ቆርቆሮዎች ሲበየዱ ቦታቸውን የሚያስይዙት ትናንሽ ካስማዎችም ከዚሁ ይሠራሉ፤ የብየዳ ፍንጣሪ አይጣበቅባቸውም፣ ኤሌክትሪክም አያሳልፉም።

[ሙዚቃ]

ተራኪ፦ ሲሊከኑን እናውጣው። አሉሚኒየም፣ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ብቻ ሲቀሩ የሚገኘው አሎን ነው፤ እሱም ብርሃን ያሳልፋል። በዚህ ክሪስታል ውስጥ ናይትሮጅን እንደሚገባ በ1959 ጃፓኖች አስተዋሉ። በ1979 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዋተርታውን በነበረው የጦር ሠራዊቱ የቁስ ምርምር ማዕከል ማኮሊና ኮርቢን ብርሃን የሚያሳልፍ አድርገው ሠሩት። አንዳንዶች ግልጽ አሉሚኒየም ይሉታል። አሉሚኒየም አይደለም፤ ዝገትም ብረት እንዳልሆነ ሁሉ። ከብርጭቆ ብዙ ጊዜ የጠነከረ ሴራሚክ ነው። ጥይት ለሚያቆም መስኮትና ሙቀት ለሚያይ ካሜራ ሽፋን ይሆናል። ውድ ነው፤ አጠቃቀሙም በአብዛኛው በጦር መሣሪያ ዙሪያ ስለሆነ አልፈነው እንሂድ።

እኔ መቆም የምፈልገው በኦክሲናይትራይዶች ቀለም ላይ ነው።

ታንታለም የሚባል ብረት አለ። ኦክሳይዱ ነጭ ዱቄት ነው፤ እንደ ጨው ነጭ። ይህን ዱቄት በቱቦ ምድጃ ውስጥ አስቀምጡና በላዩ የአሞኒያ ጋዝ እያሳለፋችሁ ወደ 850 ዲግሪ አግሉት። አሞኒያ ናይትሮጅን ያመጣል፤ ሃይድሮጅኑ ደግሞ ኦክስጅኑን እየለቀመ ውሃ አድርጎ ይወስደዋል። ኦክስጅኑ በከፊል ብቻ ሲወጣ ዱቄቱ ቢጫ ይሆናል፤ ይህ ታንታለም ኦክሲናይትራይድ ነው። ሙሉ በሙሉ ናይትሮጅን ከተካው ቀይ ይሆናል። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አንድ ጠብታ ማቅለሚያ ሳይጨመር።

ምክንያቱ ናይትሮጅን ኤሌክትሮኖቹን እንደ ኦክስጅን ጨብጦ አለመያዙ ነው። ኦክሳይዱ ውስጥ ኤሌክትሮን ለማስነሣት ኃይለኛው የአልትራቫዮሌት ጨረር ያስፈልጋል። ናይትሮጅን ሲገባ የሚታየው ብርሃን፣ ሰማያዊው ከዚያም አረንጓዴው ይበቃል። የተዋጠው ሰማያዊ ሲቀነስ ለዓይናችን የሚቀረው ቢጫና ቀይ ነው። በ2000 ሁለት የጀርመን ኬሚስቶች ያንሰንና ሌቸርት የካልሲየምና የላንታነም ታንታለም ኦክሲናይትራይዶችን እየቀያየጡ ከቢጫ እስከ ደማቅ ቀይ የሚደርስ ቀለም አሳዩ። መርዛማውን የካድሚየም ቀለም ሊተካ የሚችል ነው።

ከቀለምም የሚበልጥ አለው። ብርሃን የሚውጥ ዱቄት በብርሃኑ ኃይል ሥራ ሊሠራ ይችላል። ጃፓናዊው ካዙናሪ ዶመንና ባልደረቦቹ በ2005 የጋሊየም ናይትራይድና የዚንክ ኦክሳይድ ቅይጥ የሆነ ቢጫ ዱቄት በሚታየው ብርሃን ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሲከፍል አሳዩ። ለብቻቸው ቢወሰዱ ሁለቱም በአልትራቫዮሌት እንጂ በሚታይ ብርሃን አይሠሩም። ምድር ላይ ከሚደርሰን የፀሐይ ኃይል ውስጥ አልትራቫዮሌት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሚታየውን ብርሃን የሚጠቀም ዱቄት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ገና ሙከራ ነው። ምርቱ አነስተኛ ነው፤ ዱቄቶቹም በራሳቸው በወለዱት ኃይል ቀስ በቀስ ይጎዳሉ፤ ናይትሮጅናቸውን ይለቃሉ። ቢሆንም ፀሐይ ለማይጎድልባቸው አገሮች ከዚህ የሚቀርብ ምርምር ጥቂት ነው።

ሳያሎንም ብርሃን ሰጥቷል። በ2005 በጃፓን ጹኩባ ከተማ ናኦቶ ሂሮሳኪና ቡድኑ በሳያሎን ክሪስታል ውስጥ ጥቂት ዩሮፒየም አስገቡ። ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኝ ጥርት ያለ አረንጓዴ መልሶ ይሰጣል፤ ሲግልም አይደበዝዝም። ዛሬ በብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ከጀርባ የሚበራው መብራት አረንጓዴውን የሚያገኘው ከዚህ ዱቄት ነው። ለጄት ሞተር የታለመው ቁስ ሳሎናችን የገባው በዚህ በኩል ነው።

[ድምፅ፦ እንደገና ጭቃ ሲታሽ]

ተራኪ፦ አድማጮቻችን፣ ወደ ጭቃው እንመለስ። በ1979 በአሜሪካ ሊ እና ከትለር የተባሉ ተመራማሪዎች ሳያሎንን ከውድ ዱቄቶች ሳይሆን ከሸክላ አፈር አወጡት። ካኦሊን የሚባለውን ነጭ አፈር ከደቀቀ ካርቦን ጋር ቀላቀሉ፤ በናይትሮጅን ውስጥ ከ1,400 ዲግሪ በላይ አጋሉት። ካርቦኑ ኦክስጅኑን እየሳበ ያወጣል፤ ናይትሮጅኑ ቦታውን ይይዛል። ካኦሊን ሲሊከንና አሉሚኒየምን እኩል ለእኩል የያዘ አፈር ነው፤ የሚወጣውም ሦስት ሲሊከን፣ ሦስት አሉሚኒየም፣ ሦስት ኦክስጅንና አምስት ናይትሮጅን ያለው ሳያሎን ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለ ብረት ጣጣ ያመጣል፤ ዱቄቱም ከውዱ ጋር በጥራት አይተካከልም። ለምድጃ ጡብና ለማቅለጫ ዕቃ ግን ይበቃል።

ካኦሊን በአገራችን አለ። በደቡቡ የቦምቦዋ ካኦሊን ለሴራሚክ ሥራ ይታወቃል። ታንታለምም አለ፤ የጉጂው ቀንጢቻ ለዓለም ገበያ ታንታለም ያቀረበ ማዕድን ማውጫ ነው። ከእነዚህ ሁለት ማዕድናት አንዱ የሳያሎን፣ ሌላው የቢጫውና የቀዩ ዱቄት መነሻ ነው። ከአፈራችን ሳያሎን ፋብሪካ ነገ ይተከላል አልልም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ብዙ ጊዜ ሰምተን ደክሞናል። የምለው ከዚህ ያነሰና የሚቻል ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ኬሚስትሪና የቁስ ምሕንድስና ለምታስተምሩ መምህራን የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። 1,450 ዲግሪ የሚደርስ የቱቦ ምድጃ፣ አንድ ሲሊንደር ንጹሕ ናይትሮጅን፣ ጥቂት ኪሎ የአገር ካኦሊንና የደቀቀ ከሰል ካላችሁ ለተማሪዎቻችሁ ይህን ሙከራ ስጧቸው። ከምድጃው የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሆነ ጭስ ማውጫው በትክክል መሥራቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የመጀመሪያው ዱቄት ምናልባት ግማሹ ብቻ ሳያሎን ይሆናል፤ የኤክስሬይ ምርመራው ይነግራችኋል። የአሠራሩ ዘዴ ከ1979 ጀምሮ ታትሞ ተቀምጧል።

[ሙዚቃ እየጎላ ይሄዳል]